የሐረር አቀበት እንደ ሸቀጥ፤ ስለ ብስክሌትና ስለ ጠጠር መንገዶቻችን የቀረበ አስተያየት

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ዕቃ ዋጋ የሚያገኘው ከራሱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከፈላጊውም ጭምር ነው። በአንዱ አገር ከደጃፍ ተጠርጎ የሚጣለው ነገር በሌላው አገር በሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል። የቡናውን ፍሬ ለውጭ ገበያ አቅርቦ ቅጠሉንም ሳይጥል ቁጢ ብሎ አፍልቶ ለሚጠጣው ለሐረር ሰው ይህን ማስተማር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቈጠራል። ይሁን እንጂ በዚያው በሐረር ዙሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በኪሳራ ዓምድ ብቻ ሲመዘገብ የኖረ፣ ፈላጊው ግን በባሕር ማዶ የበዛ አንድ ሀብት አለ። ይኸውም አቀበቱና የጠጠር መንገዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም፣ ይህ ሀብት ከኪሳራው ዓምድ ወደ ትርፉ ዓምድ የሚዛወርበትን አሳብ ለተከበሩት አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ባለሱቆች ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ አቀበቱ የሐረርን ንግድ ምን ያህል እንዳስከፈለ ማስታወስ ይጠቅማል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን ቡናውና ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱም በቅፍለት ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ሲወርድ፣ ጨርቁና ልዩ ልዩው የውጭ ሸቀጥ ደግሞ በዚያው መንገድ ሲወጣ ኖሯል። በባለቅኔነቱ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ ሐረር የመጣው ለግጥም ሳይሆን፣ በኤደን ይሠራ ለነበረ አንድ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱ ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ እንዳወረዱት ታሪኩ ይናገራል። መንገዱ ለጤነኛውም ለበሽተኛውም የሚራራ አልነበረም።

ቀጥሎም ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱን እስከ ሐረር ማውጣት እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መሥመሩ በቆላው ቀረ፤ በዚያም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለው፣ ኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስሙ የጸናው ከተማ ተመሠረተ። ሐዲዱ አቀበቱን ሸሸ፤ ንግዱም ሐዲዱን ተከተለ። ከዚያም ወዲህ የሐረር ነጋዴ ዕቃውን ወደ ታች ለማውረድና ወደ ላይ ለማውጣት የሚከፍለው ኪራይ ሁሉ የአቀበቱ ግብር ሆኖ ኖረ።

አሁን ግን ዘመኑ ተለውጦ፣ አቀበትን የሚሸሽ ሳይሆን ፈልጎ የሚሄድ መንኮራኩር ተነሥቷል። ይህም ለጠጠር መንገድ ተብሎ የሚሠራው ብስክሌት ነው። በአስፋልት ላይ ለእሽቅድምድም የሚያገለግለው ብስክሌት የጎማው ስፋት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የዚህኛው ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ነፋሱም ላላ ተደርጎ ስለሚሞላ ጎማው ጠጠሩን እየዋጠ ይሄዳል እንጂ አይዘልበትም። ማርሹ ቀጥ ላለ አቀበት እንዲስማማ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ፍሬኑም በዲስክ የሚይዝ ስለ ሆነ በቁልቁለት ይታመናል። ባለቤቱ ስንቁንና ልብሱን በትናንሽ ከረጢቶች ከብስክሌቱ አካል ላይ አስሮ፣ እኛ ፒስታ ወይም ኮረኮንች እያልን የምናማርርበትን መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ለዚህም ድካሙ ከፋይ እንጂ ተከፋይ አይደለም፤ የአውሮፕላን ትኬት ቈርጦ፣ የሆቴል ኪራይ ከፍሎ፣ አስጎብኚ ቀጥሮ ይደክማል።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ኤምፖሪያ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በዙሪያዋ ባሉት የጠጠር መንገዶች የ200 ማይል፣ ማለት የ320 ኪሎ ሜትር ያህል ውድድር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር ለመነሻው የቀረቡት ብስክሌተኞች 34 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን በውድድሩ ሰሞን ተወዳዳሪው በሺሕ ይቈጠራል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም ነገሩን ከቁም ነገር ቈጥሮ እ.ኤ.አ. በ2022 በኢጣልያ አገር የመጀመሪያውን የጠጠር መንገድ የዓለም ሻምፒዮና አካሂዷል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን በዚያው በኢጣልያ ያለው የቶስካና አውራጃ ነው። በኮረብታ ላይ በተሠራችው በጥንታዊቱ በሲዬና ከተማ ዙሪያ፣ በወይንና በወይራ እርሻዎች መካከል፣ ነጭ መንገዶች የሚባሉ የጠጠር መንገዶች አሉ። እነዚህ መንገዶች እየጠፉ መሄዳቸው ያሳሰባቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ጋዮሌ ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነሥተው ኤሮይካ የተባለውን የብስክሌት ጉዞ ጀመሩ። በዚያን ዓመት የተገኙት 92 ሰዎች ነበሩ። ዓላማቸውም መንገዶቹ ከነጠጠራቸው እንዲጠበቁ ማድረግ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በዓለም የታወቁ ባለሙያዎች የሚሽቀዳደሙበት፣ ፍጻሜውም በሲዬና አደባባይ የሆነ ውድድር ከዚያው ተወለደ። ከውድድሩም ቀን ውጭ ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ሊሄድበት የሚችል፣ ምልክት የተተከለለት 209 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ተዘጋጅቷል። በዚህም ዙር ላይ መንገደኛው አንድ ደብተር ይዞ፣ በየመንደሩ ባለው ቡና ቤትና ሱቅ እየቆመ ማኅተም እያስመታ ያልፋል።

ስለዚህ ስለ ማኅተሙ ነገር አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። እኔ በንግድ ቤት ጸሐፊነት የምሠራ ሰው ስለ ሆንኩ፣ ማኅተም ሰውን ምን ያህል እንደሚያስቆም አውቃለሁ። መንገደኛው ለማኅተሙ ሲል ከብስክሌቱ ይወርዳል፤ ከወረደ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ከጠጣ ሻይ ይጨምራል፤ ሻይ ከያዘ ደግሞ ዐይኑ በመደርደሪያው ላይ ያርፋል። በዚህ ዓይነት ትልቅ ሆቴል ያልሠራው፣ ማስታወቂያም ያላሳተመው የመንደር ባለሱቅ ከእንግዳው ገንዘብ ድርሻውን ያገኛል። ለመንገዱ የወጣው ካፒታል ቀለምና የጎማ ማኅተም ብቻ ነው።

በአፍሪካም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በማሳይ ማራ አካባቢ በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ የብዙ ቀን የብስክሌት ውድድር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዘጋጅታለች። የሩዋንዳዋ ኪጋሊም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን ስታስተናግድ፣ ሻምፒዮናው በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር። የእኛም አገር ብትሆን በዚህ ስፖርት ትናንት የተነሣች አይደለችም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿን ልካ ነበር። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንግዲህ የጎደለን ጉልበት ያለው ወጣት ወይም ተራራ ሳይሆን፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ገበያ የሚያገናኝ የነጋዴ አሳብ ነው።

አሁን ወደ ሐረር እንመለስ። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ከተማ ከነ82 መስጊዶቹና ከነ102 የአውልያ ቦታዎቹ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዳው ወደ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ወይም በባቡር ይመጣል፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ በመኪና ይወጣል፤ በጁገል ጠባብ መንገዶች ተዘዋውሮ ጊድር መጋላን ያያል፤ በመኪና ግርግር ከልብስ ሰፊዎቹ መካከል ያልፋል፤ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ይመለከታል። ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል? ብዙው ሰው በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን የሚሆን ሥራ አልሰጠነውምና አይፈረድበትም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፣ እኛ ከበሩ ውጭ ያለውን አገር ከምንም ሳንቈጥረው ቀርተናል።

ነገሩን በነጋዴ ሒሳብ እንመልከተው። አሥር እንግዶች አንድ ሌሊት ብቻ አድረው ቢሄዱ ሆቴሎቻችን አሥር አዳር ይሸጣሉ። እነዚያው አሥር እንግዶች በብስክሌት ምክንያት ሦስት ሌሊት ቢቈዩ ሠላሳ አዳር ይሸጣሉ። አዲስ እንግዳ አልተፈለገም፤ አዲስ አልጋም አልተገዛም። ከዚህም በላይ በብስክሌት የዋለ ሰው በመኪና ከዋለው ይልቅ እንደሚበላ፣ እንደሚጠጣና ልብሱንም እንደሚያሳጥብ የታወቀ ነው።

ለመሆኑ ብስክሌተኛው ከሐረር ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? በበኩሌ ለመነሻ የሚሆኑ ሦስት አቅጣጫዎችን አመለክታለሁ። አንደኛው የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ ከሸዋ በር ተነሥቶ ከግንቡ ውጭ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር በኩል ከተማዋን ከዞሩ በኋላ ወደ ሐኪም ጋራ ወጥቶ ጁገልን ከላይ ማየት ነው። ይህ ለጀማሪውም፣ ከመንገድ ድካም ላላረፈውም ይስማማል። ሁለተኛው የሙሉ ቀን ጉዞ ነው፤ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለው የአርጎባዎች መንደር ወደ ኮረሚ ይወስዳል። በዚያ በጥንት እጅ የተካቡት የድንጋይ ቤቶች የኤረርን ሸለቆ ቁልቁል እየተመለከቱ ይገኛሉ፤ በመንገዱም ግራና ቀኝ የገበሬው እርከን፣ ማሽላው፣ ቡናውና ጫቱ ይታያል። ሦስተኛው ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚፈጅ ሲሆን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘልቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱባትን ኤጀርሳ ጎሮን አሳልፎ፣ አናቱ እንደ ገበታ የተዘረጋውን፣ ቁመቱም ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋውን የቁንዱዶን ተራራ ያሳያል። በዚህ ተራራ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖራሉ፤ ይህንንም ለማየት ብቻ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አይታጣም።

የባቢሌን አቅጣጫ ያልጠቀስኩት ለውዙን፣ የግመል ገበያውንና በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው የቆሙትን ድንጋዮች ረስቼ አይደለም። የጅጅጋው አውራ መንገድ አስፋልትና የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለ ሆነ፣ እንግዳው እስከዚያ በመኪና ሄዶ ከዚያ ወዲያ በብስክሌት ቢዘዋወር ይሻላል ብዬ ነው። የአወዳይንም መንገድ እንደዚሁ መሸሽ ይገባል፤ ጫት የጫነ መኪና ሰዓት እንጂ ሰው እንደማያይ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ ሥራ የሚገኘው ጥቅም ለባለሆቴሉ ብቻ አይደለም። የመንደሩ ባለሱቅ በማኅተሙ ምክንያት ደንበኛ እንደሚያገኝ ከላይ ተገልጧል። ላኪው ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥቅም አለው። የሐረር ቡና ስሙ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ መንግሥታችንም ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲጠበቁ ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ ብዙ ተከራክሯል። ነገር ግን ስም ብቻውን ቢጠበቅ ገዢው ስለ አገሩ ምንም ካላወቀ ስሙ ባዶ ከረጢት ነው። ቡናው በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ በዐይኑ ያየ፣ በዚያው አቀበት ላይ ላቡን ያፈሰሰ፣ ከገበሬውም ቤት ቁጢ የጠጣ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ወኪል ይሆናል። ስለ ዋጋም ሲከራከሩ ከእርሱ ጋር መከራከር ይቀላል።

አስመጪው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደ ከበደ ለእናንተ መንገር አያሻም። ስለዚህ ብስክሌት በብዛት አስገብቶ በመጋዘን ማስቀመጥን አልመክርም። የሚሻለው ጥቂት፣ ጠንካራና አንድ ዓይነት የሆኑ ብስክሌቶችን ለኪራይ አስገብቶ፣ ከዚያ ይልቅ ለመለዋወጫው ብዙ ማሰብ ነው። የመንኮራኩራቸው ልክ አንድ ከሆነ የአንዱ ጎማ ለሌላው ይሆናል፤ ልኩ የተለያየ ከሆነ ግን አሥር ብስክሌት አሥር ዓይነት መለዋወጫ ይጠይቃል፤ አንድ ክር የጠፋበት ብሎንም አንዱን ብስክሌት ሙሉ ክረምት ያቆመዋል። በኤረር ሸለቆ የግራርና የቁልቋል እሾህ ብዙ ስለ ሆነ፣ የውስጥ ጎማ ሳያስፈልጋቸው ቀዳዳውን ከውስጥ በሚደፍን ፈሳሽ የሚሠሩትን ጎማዎች መምረጥ ይገባል። የባጃጁን ጎማ ሲጠግን የሚውለው ጎሚስታችን ይህን ለመማር ብዙ ቀን አይፈጅበትም። የራሱን ብስክሌት በአውሮፕላን ይዞ የሚመጣውም እንግዳ ቢሆን የፍሬን ሸራ፣ ሰንሰለትና ጎማ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ትርፉ ከብስክሌቱ ሽያጭ ይልቅ በአገልግሎቱ እንደሚሆን እገምታለሁ።

በዚህ አሳብ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ እነርሱንም ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፌ ሙሉ አይሆንም። የመጀመሪያውና ትልቁ እንዲህ የሚል ነው። «እኛ አስፋልት አጣን ብለን ስንጮህ፣ አንተ ጠጠሩ ይቈይ ትላለህን? ለፈረንጅ ደስታ ሲባል ገበሬው በአቧራ ውስጥ ይኑርን?» ይህ ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። ጫት ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋው እንደሚወድቅ እናውቃለን፤ ነፍሰ ጡርንም ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መንገድ ነው። ስለዚህ አስፋልት ሊደርሰው ለሚገባው አውራ መንገድ አስፋልት ይድረሰው፤ አንድም ሰው ለብስክሌተኛ ሲባል ከዚህ መብቱ እንዲጐድል አልጠይቅም።

ነገር ግን የጠጠር መንገድ ማለት የተበላሸ መንገድ ማለት አይደለም። ወደየመንደሩ የሚገባው መንገድ ሁሉ በቅርብ ጊዜ አስፋልት ይደርሰዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ራስን ማታለል ነው። ዛሬ መንገዱን የሚገድለው ጠጠርነቱ ሳይሆን ጥገና ማጣቱ ነው፤ የጐርፍ መውረጃው ይደፈናል፣ ውሃው መሐል መንገዱን ይዞ ይወርዳል፣ በአንድ ክረምት ጠጠሩ ታጥቦ ቦይ ብቻ ይቀራል። ይህን ቦይ ገበሬውም አይወደውም፤ ብስክሌተኛውም አይወደውም። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቦዩ የተጠረገለት፣ ጠጠሩ የተደለደለለት፣ ከክረምት በኋላም የሚያልፍ መንገድ ነው። እንግዲህ ከመንገድ ደብተሩ ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነው ድርሻ በሕግ ተለይቶ፣ መንገዱ ለሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ለቦይ ማጽጃና ለጥገና ሥራ እንዲከፈል ቢደረግ፣ የእንግዳው ደስታ ከገበሬው ጥቅም ጋር አይጋጭም። ይህ ካልተደረገ ግን የሥራው ስም ልማት ሊባል አይገባውም፤ እኔም ራሴ ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልጆች ነገር ነው። በብስክሌት ኢትዮጵያን ያቋረጡ የውጭ አገር መንገደኞች ስለ ተራሮቻችን ውበት ጽፈው ሳያበቁ፣ በየመንገዱ ልጆች ድንጋይ እንደ ወረወሩባቸው ይጽፋሉ። ይህን ማስተባበል አይጠቅምም። በሐረር አካባቢ ፈረንጆ እያለ የሚሮጠው ልጅ ክፉ ልብ ይዞ አይደለም፤ መንገደኛው አልፎ የሚሄድ ትርኢት ሆኖበት ነው። አባቱ ከመንገደኛው ሻይ የሚሸጥ፣ ወንድሙ አስጎብኚ፣ እርሱም ቅዳሜ ቀን የትምህርት ቤቱን ብስክሌት የሚጋልብ ቢሆን ድንጋዩን ይጥለዋል። ጥቂት ብስክሌቶችን ለየመንደሩ ትምህርት ቤት መስጠት ከዘበኛ ደመወዝ ይረክሳል።

ሦስተኛው የጸጥታ ነገር ነው። እንግዳው ከዋጋ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ደኅንነቱ ነው፤ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠውም በቦታው የሚኖር ሰው እንጂ በአዲስ አበባ የታተመ ወረቀት አይደለም። ስለዚህ መንገዶቹ ከከተማዋ ቀስ በቀስ እየራቁ እንዲከፈቱ፣ እያንዳንዱም እንግዳ የአገሩን ቋንቋ ከሚያውቅ የአካባቢው ወጣት ጋር እንዲሄድ፣ ጠዋት ሲነሣ እንዲመዘገብ፣ ከመጨለሙም በፊት እንዲመለስ ማድረግ ይገባል። ጅቡም ቢሆን በከተማው ደጃፍ ሲቀለብ ማየት ሌላ ነው፤ በጨለማ በኮረኮንች ላይ መገናኘት ሌላ ነው። በአውልያ ቦታዎችና በመስጊዶች አጠገብ ሲታለፍ ከብስክሌት ወርዶ በዝግታ መሄድ፣ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አለማንሣት፣ እነዚህም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ መጻፍ አለባቸው።

እንግዲህ ከንግድ ምክር ቤታችን ምን ይጠበቃል? ትልቅ ሕንፃ ወይም ትልቅ በጀት አልጠይቅም። አንደኛ፣ ከሆቴል ባለቤቶች፣ ከአስመጪዎች፣ ከቡና ላኪዎችና ከመንደር ባለሱቆች የተውጣጣ አነስተኛ ኮሚቴ ይቋቋም፤ የሐረሪ ክልልና የምሥራቅ ሐረርጌ መስተዳድሮችም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበት፤ ብስክሌቱ ከከተማው ክልል ሲወጣ ወዲያው ከአንዱ መስተዳድር ወደ ሌላው ያልፋልና። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው መንገዶቹን በካርታ ላይ ሳይሆን በእግርና በብስክሌት ሄዶ ይለካቸው፤ ውሃ የሚገኝበትን፣ ጥላ ያለበትን፣ ማኅተም ሊሰጥ ፈቃደኛ የሆነውን ሱቅ ይመዝግብ። ሦስተኛ፣ ከሦስቱ አቅጣጫዎች አንዱ ብቻ ተመርጦ፣ ዝናቡ በሚያቆምበት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ወራት በሙከራ ይከፈት። አራተኛ፣ በየካቲት መጨረሻ ሒሳቡ ተጣርቶ፣ ስንት እንግዳ ስንት ሌሊት እንዳደረ፣ ስንት ማኅተም በየትኛው ሱቅ እንደ ተመታ፣ ለየቀበሌው ጥገና ምን ያህል እንደ ተከፈለ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ። ሙከራው ከከሸፈ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ከሠመረ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ በራሱ ትርፍ ይከፈታል።

ይህን ሥራ መንግሥት ይሥራልን ብለን ብንተወው አንድም ሳይሠራ ይቀራል፤ አንድም በትልቅ ወጪ ተሠርቶ ባለሱቁ ከደጅ ይቆማል። ከሩቅ ከተማ የመጣ አንድ ድርጅት ብቻ ቢይዘውም እንግዳው ስንቁን ከዚያው ጭኖ መጥቶ፣ ለመንደራችን አቧራውን ብቻ ትቶ ይሄዳል። ማኅተሙ በመንደሩ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ የምሻው ስለዚህ ነው፤ ማኅተሙ ያለበት ገንዘቡም አለና።

ምክር ቤታችን ይህን አሳብ በሚቀጥለው ስብሰባው በአጀንዳ እንዲይዘውና በመጪው ጥቅምት አንዱ መንገድ ለሙከራ እንዲከፈት በአክብሮት አሳስባለሁ። ከአንባብያንም መካከል የተሻለ አቅጣጫ የሚያውቅ፣ ወይም በሒሳቤ ስሕተት ያገኘ ቢኖር በዚሁ ዓምድ እንዲጽፍ እጋብዛለሁ።